«ሚዛን» ወይስ «ድልድል»? የኮምፒውተር መረብ ጭነት መሣሪያ ታሪክና ስያሜው

ለብዙ ሰርቨሮች የሚመጣውን የሥራ ጥያቄ አስቀድሞ ተቀብሎ ለየአንዳንዳቸው የሚያዳርስ የኮምፒውተር መረብ መሣሪያ አለ። የእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል ቢመለስ «ጭነት አመዛዛኝ» ይሆናል። ስያሜው ለጆሮ የቀና ቢመስልም አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል። መመሪያውን በአማርኛ የሚያነብ ባለሙያ «ማመዛዘን» ከሚለው ቃል ተነሥቶ ለሁሉም ሰርቨር እኩል ሥራ መስጠት ግዴታ ነው ብሎ ቢረዳ፣ አቅሙ አነስተኛ የሆነው ሰርቨር ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ ስያሜው ከመወሰኑ በፊት የመሣሪያውን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

የቀድሞው መሣሪያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረ ገጾች ሲበራከቱ የተሠራ ራሱን የቻለ ሣጥን ነበር። የሲስኮ «ሎካል ዳይሬክተር» እና ኤፍ ፋይቭ የተባለው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቢግ አይፒ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሣጥኑ በሰርቨሮቹ ፊት ቆሞ ለሁሉም በአንድ አድራሻ ይጠራል፤ የመጣለትንም ሥራ አንድም ተራ በተራ፣ አንድም በዚያች ሰዓት ጥቂት ግንኙነት ለያዘው ይሰጣል። በየጊዜውም እየጠየቀ መልስ ያጣበትን ሰርቨር ከተራው ያወጣል። ይሁንና ሣጥኑ ራሱ ቢበላሽ ከኋላው ያሉት ሁሉ ስለሚቋረጡ ብዙውን ጊዜ በጥንድ ይተከል ነበር፤ አንዱ ሲሠራ ሁለተኛው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

አዲሱ አሠራር ከዚህ ይለያል። ጉግል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገለገለበትና በ2016 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያብራራው «ማግሌቭ» ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠራ ሣጥን አያሻውም፤ ሥራው የሚከናወነው በተራ ኮምፒውተሮች ላይ በሚጫን ፕሮግራም ነው። ራውተሮች የሚመጣውን ለእነዚህ ኮምፒውተሮች ያካፍላሉ፤ እያንዳንዱም በአንድ ዐይነት ስሌት ሰርቨሩን ይመርጣል። ከመካከላቸው አንዱ ቢወድቅ የቀሩት ይቀጥላሉ፤ ሥራው ቢበዛ ሌላ ኮምፒውተር ይጨመራል።

ሁለቱ ትውልዶች በአሠራር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ለብርቱው ብዙ፣ ለደካማው ጥቂት፣ ለወደቀው ምንም እንዳይሰጡ ሆነው ሊስተካከሉ መቻላቸው ነው። ለዚህ ተግባር የሚስማማውን ግሥ ለማግኘት «ጭነት» የሚለው ቃል ከሚነገርበት ከጥንቱ ሙያ፣ ከአጋሰስ ጫኞች ዘንድ መጠየቅ ይበጃል።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው መንገድ የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነበር፤ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። በኋላ ዘመንም ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚጓዙ የስሜን ተራራ ጎብኚዎች ጓዛቸውን በበቅሎ ሲያስጭኑ ኖረዋል። በዚህ ሙያ ጫኙ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች አሉት። አንደኛ፣ በአንዲት በቅሎ ላይ የግራና የቀኙን ክብደት ያመዛዝናል፤ አለዚያ ጭነቱ ያጋድላል። ሁለተኛ፣ ጠቅላላውን ጓዝ ለበቅሎዎቹ እንደየጉልበታቸው ይደለድላል፤ አንዷ ብታነክስም የእርሷን ለሌሎቹ ያዛውራል። የመረቡ መሣሪያ የሚሠራው ይህን ሁለተኛውን ነው።

«ድልድል» ለመሥሪያ ቤት ቋንቋም እንግዳ አይደለም። «የሥራ ድልድል» ሲባል እያንዳንዱ ሠራተኛ እንደ ችሎታው መመደቡን ሁሉም ይረዳል። «አከፋፋይ» የሚለው ግን የሸቀጥ ነጋዴን ያስታውሳል፤ የአቅምንም ልክ አያመለክትም።

ስለዚህ መሣሪያው «ጭነት ደልዳይ»፣ ተግባሩም «የጭነት ድልድል» እንዲባል እናሳስባለን። ብያኔውም «የሚመጣን ሥራ ለብዙ ሰርቨሮች እንደየአቅማቸውና እንደየጤንነታቸው የሚመድብ መሣሪያ ወይም ፕሮግራም» ቢሆን፣ ሣጥኑ በፕሮግራም ቢተካም ስያሜው አያረጅም። «ማመዛዘን» ደግሞ እኩልነት በእርግጥ ለሚፈለግበት፣ ለምሳሌ በባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ጭነትን እኩል ለማድረግ፣ ተጠብቆ ይቆይ።