ዕውቀትን ስለ ማኖር፤ ከብራና እስከ ሲዲ ሮም

የሰው ልጅ ዕውቀቱን ከመረሳት የሚያድንበት ዋነኛው መንገድ ጽሕፈት ነው። አባቶቻችን ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብርዕ ቀርጸው በብራና ያቆዩልን መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ሲቋቋም ደግሞ አንድ መጽሐፍ በብዙ ቅጂ ታትሞ ለሕዝብ የሚዳረስበት መንገድ ሰፋ። ከነዚህ በኋላ የመጣውን ሌላ ማኖሪያ፣ ይኸውም ሲዲ ሮም የተባለውን ዲስክ፣ ታሪኩን ለአንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

ሲዲ ሮም እንደ ዘፈን ሸክላ ክብ ነው፤ ስፋቱ ግን 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መርፌም አይነካውም፤ በላዩ ያሉትን ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጕድጓዶች የሚያነባቸው የሌዘር ብርሃን ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ለሙዚቃ ገበያ ያወጡት ዲስክ ብዙ ሳይቈይ ለኮምፒዩተር ጽሑፍም ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካው አሳታሚ ግሮሊየር ኢንሳይክሎፔዲያውን በጽሑፍ ብቻ በዲስክ አወጣ፤ በ1993 ደግሞ ማይክሮሶፍት ኢንካርታን ከሥዕል፣ ከድምፅና ከተንቀሳቃሽ ፊልም ጋር አቀረበ።

ለእንደኛ ላለ አገር ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ነው። በቤልጅግ የሚገኘው ሂዩማን ኢንፎ የተባለ ድርጅትና የኒው ዚላንዱ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ለታዳጊ አገሮች የሚሆን ቤተ መጻሕፍት በዲስክ አዘጋጁ። ስለ እርሻ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጤናና ስለ ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ 1,230 ያህል ጽሑፎች፣ በጠቅላላው 160,000 ያህል ገጾች በአንድ ዲስክ ገቡ። በወረቀት ቢሆኑ 340 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝኑ ነበር። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዋናው ከተማ ወጥቶ ወደየአውራጃው ለመስፋፋትም ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ዲስክ ግን መስመር አያሻውም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ላለችው እንጅባራ በአውቶቡስ ለመላክ ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ነበረ። የዚያን ጊዜው የኮምፒዩተር የፊደል ሠንጠረዥ በተለምዶ 256 ቦታ ብቻ ስለ ነበረው የእኛ ፊደል አልበቃውም። የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ባለሙያዎች ፊደሉን እየከፋፈሉ በየራሳቸው ሥርዓት አስገቡት፤ ስለዚህ አንዱ የጻፈውን የሌላው መሣሪያ ሳያነበው ቀረ። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ በሰጠ ጊዜ ነው። በዚሁ ሠንጠረዥ ለአገው ቋንቋዎች የምታገለግለው ጘ ከነቤተሰቧ ስለ ገባች፣ የአዊ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በኮምፒዩተር ለመጻፍ መንገዱ ተከፈተለት።

ዲስኩስ ምን ሆነ? ኢንካርታ እ.ኤ.አ. በ2009 ተቋረጠ፤ ዛሬ ከሚሠሩት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ዲስኩ ሳይሰበር፣ ጽሑፉም ሳይጠፋ፣ አንባቢው መሣሪያ ጠፋ። ብራና ግን ከዓይንና ከብርሃን በቀር ሌላ አይጠይቅም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዕውቀትን አንድ ጊዜ አኑሮ መተው እንደማይበቃ ነው። ካህናቱ ያረጀውን ብራና በአዲስ ብራና እየገለበጡ አቆይተዋል። እኛም የአካባቢያችንን ታሪክ፣ የፈረሰኞቻችንን ወግና የሽማግሌዎቻችንን ቃል በድምፅና በሥዕል ስንቀርጽ፣ በየጊዜው ወደ አዲሱ ማኖሪያ የመገልበጥ፣ በወረቀትም አትሞ የማስቀመጥ ግዴታ አለብን። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የሚያመሰግኑን ስለ ሰበሰብነው ብዛት ሳይሆን ሊያነቡት ስለሚችሉት ነውና።