ክሬዚን ስለ መልመድ፤ ከጥሊሊ የተወሰደ ማስታወሻ

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ዐርፌ ሳለሁ ወጣቶች ክሬዚ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወቱ አየሁና ለመማር አብሬ ተቀመጥሁ።

ያስተማረኝ ወጣት ደንቡን አስቀድሞ አልዘረዘረልኝም። ካርታውን በወዘ፤ ለያንዳንዳችን አምስት አምስት አደለ፤ አንዱን ገልጦ ከመካከል አኖረና «ይከተሉ» አለኝ። መከተል ማለት ከተገለጠው ጋራ በቍጥር ወይም በዐይነት የሚስማማ ካርታ መጣል ነው፤ የሚስማማ የሌለው ከክምሩ ይስባል። ሁለት ቍጥር ቀጣዩን ተጫዋች ሁለት ያስስባል፤ ስምንትና ጄ ዐይነት ያስለውጣሉ፤ ሰባት የአንድ ዐይነት ካርታዎችን ባንድነት ያስጥላል። አንድ ብቻ የቀረውም «ቀረኝ» ማለት ይገባዋል። ይህን ሁሉ የተማርሁት ተነግሮኝ ሳይሆን ስሳሳት እየተቀጣሁ ነው።

ይልቁንም ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። በልጅነቱ ገበጣ የተጫወተ ሰው ማሸነፍን የሚያውቀው በመሰብሰብ ነው፤ ብዙ ጠጠር የበላ ያሸንፋል። በክሬዚ ግን የሚያሸንፈው እጁን ፈጥኖ ባዶ ያደረገ ነው። እኔ ስምንቴን እንደ ሀብት ቈጥሬ ለክፉ ቀን ሳቈያት፣ እርሷ በእጄ እንዳለች ተሸነፍሁ።

ይህ ጨዋታ ከየት መጣ? «ካርታ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የተወሰደ ነው። የኢጣልያንኛው ምንጭ ላቲን፣ የላቲኑም ጽርእ ነው። በግእዝ ክርታስ የሚባለውም ከዚሁ ከጽርኡ ሥር ስለ ሆነ አንድ ቃል በሁለት በር ገብቶልናል ማለት ነው፤ በአንደኛው በር ከመጽሐፍ ጋራ፣ በሁለተኛው ከጨዋታ ጋራ። (ዛሬ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫም ካርታ ስለሚባል፣ «ካርታ ይዣለሁ» የሚል ሰው ባለርስት ይሁን ቁማርተኛ ካነጋገሩ ብቻ አይለይም።)

ከቃሉ ተነሥቶ ጨዋታውንም ያመጡት ኢጣልያኖች ናቸው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ጦራቸው ቡሬን የለቀቀው የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በዚህ መንገድ ዳር ካርታ የሚጫወት ወታደር ሰፍሮ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት ከመምሉኮች ግብጽ ሲሆን፣ የግብጾቹ ምልክቶች ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት ዱላ ነበሩ። ኢጣልያኖች በብዙ አገራቸው እነዚህን ምልክቶች ጠብቀው በ40 ካርታ ይጫወታሉ። ክሬዚ ግን የፈረንሳይ ምልክት ያላቸውን 52 ካርታዎች ይፈልጋል። ጨዋታው ራሱ በአሜሪካ «ስምንት» በሚል ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ «ክሬዚ»፣ ማለት «ዕብድ»፣ የሚል ቅጽል የተጨመረለት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ዕቃው በኢጣልያንኛ፣ ጨዋታው በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ «በወዘ»፣ «ሳበ»፣ «ቀረኝ» የሚሉት የእጅና የአፍ ሥራዎች ግን የኛው ናቸው። ሦስቱን ቋንቋ አንድ ታሪክ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 የገበጣን ልዩ ልዩ ደንብ በየአገሩ እየለየ ጽፎ አሳተመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በኦሃዮ የሚኖር ሜርል ሮቢንስ የተባለ ጸጉር አስተካካይ የስምንትን ጨዋታ ቅጣት በካርታዎቹ ላይ አትሞ «ኡኖ» ብሎ አወጣው። ፓንክኸርስት ልዩነቱን መዘገበ፤ ሮቢንስ ደንቡን አንድ አደረገ። አሁን ክሬዚ በእጅ ስልክም ስለሚጫወቱት የሮቢንስ መንገድ ወደኛም ደርሷል፤ ስልኩ አንዱን ደንብ ብቻ ያውቃልና። ስለዚህ የየገበታውን ደንብ በየስፍራው ዛሬውኑ መመዝገብ ለተማሪዎቻችን የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።

በጥሊሊ ከተጫዋቾቹ አንዱ በሰባት ላይ ስምንት ደርቦ ጣለ። ሌሎቹ ሲቃወሙት «ስልኩ ይፈቅዳል» ብሎ ተከራከረ። «እንግዲያ ከስልኩ ጋራ ተጫወት» አሉትና ስምንቱን መልሰው አስያዙት።