ለወጣቶች የሚሰጥ የሥራ ፈጠራ ትምህርት ምን ይጠቅማል?

«ልጄ ባግሩቷን ትጨርስልኝ እንጂ ንግድ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ባግሩት የሌለው ወጣት ምን እንደሚገጥመው ስለምናውቅ ሥጋታቸው ይገባናል። ሆኖም በዕብራይስጥ «ያዛሙት» የሚባለው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ባግሩትን አይተካም፤ ልጅን ሁሉ ነጋዴ ለማድረግም የታሰበ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ትንሽ ድርጅት ያቋቁማሉ፣ ዕቃ ሠርተው ይሸጣሉ፣ ሒሳቡን ይይዛሉ። በአሜሪካ ጁኒየር አቺቭመንት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ተመሠረተ። ስቲቭ ማሪዮቲ የተባለ ነጋዴ ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ በወጣቶች ከተዘረፈ በኋላ ንግዱን ትቶ በድሃ ሰፈሮች መምህር ሆነ። ሒሳብ ሲያስተምር አልሰማ ያሉት ልጆች የእጅ ሰዓቱን እንዴት እንደሚሸጥ ሲያሳያቸው ጆሮ ሰጡት። በ1987ም ለእንዲህ ያሉ ልጆች የንግድ ትምህርት የሚሰጥ ድርጅት አቋቋመ። በእስራኤልም በሮኒ ዛሮም አማካይነት በ2001 የተቋቋመው ዩኒስትሪም ከማዕከል ርቀው ለሚኖሩ ወጣቶች የታሰበ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አምስት ልጆች 60 አምባር ለመሥራት ዶቃና ክር በ300 ሸቀል ገዙ እንበል። ማሸጊያው 40፣ የጠረጴዛ ኪራዩ 60 ሸቀል ቢሆን ወጪው 400 ይሆናል። አንዱን አምባር በ10 ሸቀል ሲሸጡ፣ 40 አምባር ሸጠው ገና ወጪያቸውን መለሱ። ትርፉ ያለው በቀሩት 20 አምባሮች ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ቢሸጥ 200 ሸቀል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 40 ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ከሠራ ግን በሰዓት 7 ሸቀል እንኳ አልሞላለትም! ይህንን በ15 ዓመቱ ያየ ልጅ ነገ ብድር ሲቀርብለት፣ የቤቱን ሚኑስ ሲመለከት፣ በሌላ ዓይን ያያል።

ይህ ዕውቀት ለማኅበረሰባችን አዲስ አይደለም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ሠርተው የሸጡ እናቶች፣ ማረሻ የቀጠቀጡ አባቶች፣ የከሰሉንና የብረቱን ዋጋ አስልተው ነው ዕቃቸውን ለገበያ ያቀረቡት። እዚህ የጎደለው ቋንቋው፣ ወረቀቱና ከሁሉ በላይ ትውውቁ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ወይም የድርጅት ኃላፊ ዘመድ የሌለው ልጅ በእነዚህ ትምህርቶች ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ለእኛ ልጆች ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለናል።

ትምህርቱ ተአምር አይሠራም። በሆላንድ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት የተማሪዎቹ ንግድ የመክፈት ፍላጎት እንዲያውም መቀነሱን አሳይቷል። (ሥራውን ቀምሶ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ማለትም ትምህርት ነው።) በዚያው አገር የ11 እና የ12 ዓመት ልጆችን የተመለከተ፣ በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ግን በራስ የመተማመንና ጀምሮ የመጨረስ ጠባያቸው መሻሻሉን ገልጿል።

ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ክፍያ እንዳለው፣ ከፈተና ሰዓት ጋር እንደማይጋጭና ኪሳራ ቢደርስ ማን እንደሚሸከመው ጠይቁ። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ስምምነት ስለሚያስፈልግ የምትፈርሙበት ወረቀት ይመጣላችኋል። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ እንዲተረጎምላችሁ ጠይቁ፤ ተርጓሚው ግን ልጁ ራሱ ባይሆን ይሻላል።