የክትባት ደኅንነት ክትትል

ክትባትን ተከትሎ የሚከሰት የጤና ችግር ማለት አንድ ሰው ከተከተበ በኋላ የሚታይበት ማንኛውም ያልተፈለገ የጤና ሁኔታ ነው። ችግሩ ከክትባት በኋላ መታየቱ ብቻውን መንሥኤው ክትባቱ መሆኑን አያረጋግጥም። ይህንን ለይቶ ማወቅ የደኅንነት ክትትል ዋና ተግባር ነው።

ክትትሉ ለምን ያስፈልጋል?

ክትባት ከመፈቀዱ በፊት በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይፈተሻል፤ ሆኖም እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ጉዳት በዚህ ደረጃ ላይታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው የሮታ ቫይረስ ክትባት በጥቂት ሕፃናት ላይ የአንጀት መዘጋት ማስከተሉ በሪፖርቶች በመታወቁ፣ በ1999 ከአገልግሎት ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የተፈቀዱት የሮታ ክትባቶች ይህንኑ ጉዳት ለመለየት ከ60,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉባቸው ጥናቶች ተፈትሸዋል።

መንሥኤዎቹ ምንድን ናቸው?

• የክትባቱ ባሕርይ፦ ቀላል ትኩሳትና የተወጋው ቦታ እብጠት የተለመዱ ሲሆኑ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ከባድ አለርጂ ግን በግምት ከአንድ ሚሊዮን ክትባቶች በአንዱ ላይ የሚያጋጥም ነው።
• የምርት ጥራት ጉድለት።
• የአሰጣጥ ስህተት፦ ለምሳሌ የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ በጀርም ሊበከልና ለሞት ሊያደርስ ይችላል።
• ከመርፌ ፍርሃት የሚመጣ ራስን መሳት።
• የጊዜ መገጣጠም፦ ያለክትባቱም ይከሰት የነበረ ሕመም።

ሪፖርትና ምርመራ

የጤና ባለሙያው መንሥኤው እስኪረጋገጥ ሳይጠብቅ ሪፖርት ማድረግ ይኖርበታል። ሞት፣ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ፣ ሆስፒታል መተኛት ወይም ዘላቂ የአካል ጉዳት ሲያጋጥም በአስቸኳይ ያሳውቃል፤ የክትባቱን ብልቃጥና የምርት መለያ ቁጥርም ለምርመራ ያቆያል። በአገራችን የክትባት ደኅንነት ቁጥጥር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ሲሆን፣ የከባድ ክስተቶች መንሥኤ በባለሙያዎች ኮሚቴ ይገመገማል።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

ከክትባት በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ በጤና ተቋሙ ይቆዩ። ልጅዎ የመተንፈስ ችግር፣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ወይም የማይበርድ ከፍተኛ ትኩሳት ከታየበት የክትባት ካርዱን ይዘው ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቀጣዩን ክትባት በራስዎ ውሳኔ ከማቋረጥዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ፤ የእርስዎ መረጃ ሌሎች ሕፃናትንም ይጠብቃል።