ጠብቶ የሚያስመልሰው፣ አስመልሶም የሚርበው ሕፃን

ዛሬ የአንድ በሽታ ታሪክ ላጫውታችሁ። በመካነ ሰላምና በአካባቢው ላላችሁ ደግሞ ታሪኩ በተለይ ይመለከታችኋል።

ጨጓራ ምግቡን ወደ ትንሹ አንጀት የሚያሳልፍበት በር አለው። አንዳንድ ሕፃናት በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት የዚህ በር ጡንቻ እየወፈረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ወተቱ ማለፊያ ሲያጣ በመጣበት ይመለሳል። በሕክምናው ፓይሎሪክ ስቴኖሲስ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1888 ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ የተባሉ የዴንማርክ የሕፃናት ሐኪም በዚህ በሽታ የሞቱ ሁለት ጨቅላዎችን ታሪክ ጽፈው በሽታውን በግልጽ አስረዱ። መታወቁ ብቻውን ግን አላዳነም፤ በጊዜው ይሞከሩ የነበሩት ቀዶ ሕክምናዎች ለጨቅላ ከባድ ስለነበሩ ብዙዎቹ አይተርፉም ነበር።

በ1911 ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኮንራድ ራምሽቴት በሙንስተር ከተማ የአንድ ሕፃን ወፍራም ጡንቻ ሰነጠቁ። መልሰው ሊሰፉት ሲሉ ክሩ ጡንቻውን እየቆረጠ አልይዝ አለ። ሕፃኑ ግን ዳነ። በቀጣዩ ዓመት ለሁለተኛው ሕፃን ስፌቱን ጨርሰው ተዉት፤ እሱም ዳነ። ዛሬም የሚሠራው ይኸው ነው፦ ጡንቻውን ሰንጥቆ፣ የውስጡን ስስ ሽፋን ሳይነኩ፣ ሳይሰፉ መተው። ከዚያ በፊት የጎደለው ፈሳሽና ጨው በደም ሥር ይተካል። በተሟላ ሆስፒታል በጊዜ ከታከሙት የሚሞተው ከመቶ አንድ አይሞላም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ሕፃን የሚገድለው መዘግየት ነው። መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከወረዱት ቀበሌዎች ደግሞ መካነ ሰላም መድረሱም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። በዚያ ላይ እንደ ብዙው ገጠራችን "ቡዳ ነው"፣ "እንጥሉ ወርዶ ነው" እየተባለ ቀናት ያልፋሉ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት የጨጓራን በር አይከፍቱም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨምራሉ እንጂ።

እነዚህን ምልክቶች ልብ በሉ፦

• ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ በወንዶች ላይ አራት እጥፍ ገደማ ይበዛል
• ከጠባ በኋላ በኃይል ተስፈንጥሮ የሚወጣ፣ ከቀን ቀን የሚብስ፣ አረንጓዴ ያልሆነ ትውከት
• አስመልሶ ወዲያው ጡት መፈለግ
• ሽንትና ዓይነ ምድር መቀነስ፣ ክብደት አለመጨመር ወይም መቀነስ
• ከጠባ በኋላ ሆዱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሞገድ

ከጠባ በኋላ በአፉ ጥግ ጥቂት ወተት የሚወጣው፣ ግን የሚወፍር ሕፃን አያስጋም። አረንጓዴ ትውከት ግን የሌላ ከባድ የአንጀት ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም።

ምልክቶቹን ካያችሁ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ስንት ቀን እንዳስመለሰው፣ ቀለሙን፣ መቼ እንደሸና ንገሩ። አልትራሳውንድ በሽታውን ይለያል።

አዋቂዎችም ይህ በር ሊጠብባቸው ይችላል፤ መንስኤው ግን ሌላ ነው፦ የቆየ ቁስለት የተወው ጠባሳ ወይም ካንሰር። ጥቂት በልቶ መጥገብ፣ ከሰዓታት በፊት የተበላን ምግብ ሳይፈጭ ማስመለስ፣ መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። በ1982 አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ከብዙው ቁስለት ጀርባ ያለውን ባክቴሪያ ለይተው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው በመድኃኒት ይጠፋል። ስለዚህ "ጨጓራዬ ነው" ብላችሁ ተልባ እየጠጣችሁ ዓመታት አትቁጠሩ፤ በሩ ሳይጠብ ተመርመሩ።

አራስ ላለበት ቤት ሁሉ ይህን አጋሩልኝ። ጤና ይብዛላችሁ!