ዋጃ ስድስት ባይት ናት

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ዋጃን ሳያይ አያልፍም። የራያ ቆላ ከተማ ናት፤ ዋናው አስፋልት አቋርጧት ያልፋል። ስሟ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፦ ዋ እና ጃ። ይህ ግን ለእኛ ነው። ለኮምፒውተር የዋጃ ስም ስድስት ነው። ዛሬ የምናወራው በሁለትና በስድስት መካከል ተፈጥሮ ስለነበረ ችግር፣ ችግሩን ስለፈታው አንድ ትንሽ እርማት፣ እንዲህ ያለ እርማትም እንዴት ተሰናድቶ እንደሚላክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተሰበረው ጃ

ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲወጣ 345 የግዕዝ ሆሄያትና ምልክቶች የየራሳቸው ቁጥር አገኙ። ትልቅ ድል ነበር። ግን ቁጥር አለን ማለት ማሽኑ በትክክል ያስተናግደናል ማለት አልነበረም። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የአቀማመጥ ስልት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ የእኛ አንድ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል። ዋ ሦስት፣ ጃ ሦስት፤ ድምሩ ስድስት።

አሁን ወደ ሊኑክስ እንምጣ። ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ በማሽኑና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ ሁሉን ያገናኛል። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ስንጽፍ፣ ኢንተር እስክንጫን ድረስ መስመሩን ይዞ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ባክስፔስ ስንጫን የሚያጠፋውም እሱ ነው። ችግሩ እሱ የሚያጠፋው አንድ ባይት ብቻ መሆኑ ነበር። «ዋጃ» ብለን ጽፈን አንዴ ባክስፔስ ብንጫን ከስድስቱ አንዱ ይሄዳል፣ አምስቱ ይቀራሉ። ሦስቱ ዋ ናቸው። ሁለቱስ? የማንም ፊደል ያልሆኑ የጃ ስብርባሪዎች!

በማርች 2004 የወጣው ሊኑክስ 2.6.4 ለዚህ መፍትሔ አመጣ። ዘዴው ቀላል ነው። በዩቲኤፍ 8 ከአንድ በላይ ባይት በሚወስድ ፊደል ውስጥ፣ ከመጀመሪያው በቀር ያሉት ባይቶች ሁሉ በ«10» ቢት ይጀምራሉ። ስለዚህ ከርነሉ ሲያጠፋ የፊደሉን መነሻ ባይት እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጃ እንዳለ ይጠፋል፣ ዋ እንዳለ ይቀራል።

እርማቱ ለአማርኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ፊደሉ ከአንድ ባይት በላይ ለሚወስድ ሁሉ ነው። ደግሞም በማብሪያና ማጥፊያ ነው የገባው፤ ያልፈለገው አያበራውም። ለምን? በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል በአንድ ባይት የሚጽፉ ብዙ ነበሩና። ለእኛ ተብሎ የእነሱ እንዳይበላሽ ነው። የከርነሉ ሰዎች ትልቁ ሕግም ይኸው ነው፦ ሲሠራ የነበረን የሰው ፕሮግራም አታበላሽ።

እንዴት ይሰናዳል?

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ የለቀቀው የመጀመሪያ እትም 10 ሺህ መስመር ገደማ ኮድ ነበር። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። ይህን ሁሉ ያሳደገው ፓች ነው። ፓች ማለት እንደ ልብስ መጣፊያ ነው፤ የሚወጣው መስመር በመቀነስ፣ የሚገባው በመደመር ምልክት ተጽፎ በኢሜይል ይላካል።

በ2003 ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ «ኮዳችን ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል» ብሎ አይቢኤምን ከሰሰ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2004፣ አዲስ ልማድ ተጀመረ፦ እያንዳንዱ ላኪ በፓቹ ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ብሎ ስሙንና ኢሜይሉን ያሰፍራል። ትርጉሙ «ይህን የመስጠት መብት አለኝ» ነው። የውል ፊርማ እንደማለት። በ2005 ደግሞ ገንቢዎቹ ኮዱን ይከታተሉበት የነበረው ቢትኪፐር በነጻ መገኘቱ ሲቀር፣ ቶርቫልድስ በኤፕሪል ጊትን መጻፍ ጀመረ። በጁን ሊኑክስ 2.6.12 በጊት ተሠርቶ ወጣ።

መሣሪያው ተቀያየረ እንጂ የማሰናዳቱ ነገር ያው ነው። የዋጃን ችግር ዛሬ እኛ ብናገኘው ምን እናደርግ ነበር? መጀመሪያ ችግሩን እንጽፋለን፦ «ባለ ሦስት ባይት ፊደል ተጽፎ ባክስፔስ ሲጫን ሁለት ባይት ይቀራል።» ቀጥሎ ምክንያቱን። ቀጥሎ መፍትሔውንና ማንን እንደማይጎዳ። አንድ ፓች አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል፤ መንገድ ላይ ያየነውን የተዛባ ክፍተት እግረ መንገዳችንን እናስተካክል ብንል እሱ ሌላ ፓች ነው። ቼክፓች የሚባለው ስክሪፕት አጻጻፋችንን ይመረምራል። ሜንቴነርስ የሚባለው ፋይል የኮዱ ክፍል ኃላፊ ማን እንደሆነ ይነግረናል። ፓቹ በኢሜይሉ አካል ውስጥ በተራ ጽሑፍ ይገባል እንጂ በአባሪ አይላክም፤ ገምጋሚዎቹ መስመር በመስመር ነውና የሚመልሱት። አስተያየት ከመጣ አርመን «ሁለተኛ እትም» ብለን፣ ምን እንደቀየርን ጠቅሰን እንልካለን። ለመቀበልም ወቅት አለው፦ አዲስ እትም በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፣ አዲስ ነገር የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አብዛኛው ሥራ ጽሑፍ ነው! ኮዱ አምስት መስመር ሊሆን ይችላል፣ ማስረዳቱ ሃያ።

የእኛ ሰዎችስ?

ከከርነሉ ትንሽ ራቅ ስንል የሀገር ልጅ እጅ እናገኛለን። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ የእኛን ሆሄያት የሚያሳዩ «ጎሃ» የተባሉ ቅርጾች ዴቢያን ላይ አሉ። በ2003 ደግሞ የዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የቋንቋና የሀገር ቅንብሮችን ለጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ አሰናዳ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይገኙበታል፤ አራቱም ራያ ውስጥ የሚሰሙ ቋንቋዎች ናቸው።

ሆኖም በአማርኛው ቅንብር ወሮቹ ለዓመታት «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» እያሉ ኖረዋል። መስከረምና ጥቅምትስ? የጂኤንዩ «ዴት» ትእዛዝ በኢትዮጵያ የአማርኛ ቅንብር ቀኑን በራሳችን የዘመን አቆጣጠር ማሳየት የጀመረው በ2025 ነው። ከ2003 ሲቆጠር 22 ዓመት! ነገሩ ከባድ ስለሆነ አይመስለንም። ችግሩን ያየነው፣ ማለትም ቀኑ በየማለዳው «አውሮፓ» የሚሆንብን እኛ፣ ለመጻፍ ስላልተቀመጥን ነው።

የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ከላይ የሆነው ሁሉ ታች ይደርሰዋል። የሶፍትዌር ሰዎችም ኮዱ የሚመነጭበትን ቦታ «የወንዙ ላይ» ይሉታል። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ በሊኑክስ ከርነል ነው የሚሠራው፤ ዋጃ ገበያ ላይ በነጋዴው ኪስ ያለውም ጭምር። ከላይ የገባ እርማት ታች ይደርሳል፣ ከላይ የተረሳም ተረስቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ጎርፉን ወደ ላይ መመለስ አለመቻሉ ነው፤ ፓች ግን ይላካል።

እናም ወዳጆቻችን፣ ፊደላችሁ ሲሰበር፣ ቀናችሁ ሲዛባ ብታዩ ስቃችሁ አትለፉት። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ኮዱን የሚጽፍ ከመካከላችን አይጠፋም። ግማሹ መሰናዶ እሱ ነው።