ከጅማ በርጩማ እስከ አመንጪ ንድፍ፤ ስለ ቅርጽና ስለ ግዴታው

አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ ጅማ ከመድረሱ በፊት የሚያልፋት የቡና አገር ከተማ ናት። በእርሷም ሆነ በአካባቢዋ ለቡና የሚቀመጡበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ የታወቀ ዕቃ ነውና ለምርምር የሚበቃ ላይመስል ይችላል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን በርጩማ «ጄኔሬቲቭ ዲዛይን» ከሚባለው የዛሬ ፋብሪካዎች ዘዴ ጋር አስተያይተን ለመመርመር አስበናል፤ ዘዴውንም በአማርኛ «አመንጪ ንድፍ» ብለነዋል። ምክንያታችንም ሁለቱ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት መልሶች ስለ ሆኑ ነው። ጥያቄውም፥ ሸክሙና መሥሪያው ታውቆ ሳለ ቅርጹ ምን መሆን ይገባዋል? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ በርጩማው እንናገር። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ ምስማርም ኮላም የለበትም። እንጨቱም ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው። አንዳንዱ መደገፊያ አለው፤ እርሱም ከመቀመጫው ጋር አንድ አካል ነው። እግሮቹ ሦስት የሆኑበትን ምክንያት ጂኦሜትሪ ያስረዳል፤ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ ወለሉ ወጣ ገባ የሆነ የአፈር ወለል ቢሆንም በርጩማው አይወላገድም። መጋጠሚያ የሌለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፥ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣልና መጋጠሚያ ካለው በጊዜ ብዛት ይላላል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በገዙበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1878 እስከ 1932፥ የሒርማታ ገበያ ከሩቅ ነጋዴዎችን ይስብ ነበር፤ ጅማም በእንጨት ሥራዋ እስከ ዛሬ ትታወቃለች። እንደምንገምተው የተሰበረው በርጩማ ዳግመኛ ሳይሠራ፥ የጸናውም እየተደገመ፥ ምርጫው በብዙ ትውልድ ተከናውኗል።

በሌላው ዓለም ይኸው ጥያቄ በሒሳብ ተጠየቀ። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ አንተኒ ሚሸል በ1904 ባሳተመው ጥናት የተወሰነ ሸክም በትንሹ መሥሪያ የሚሸከም መዋቅር ምን መምሰል እንዳለበት አሳየ። ነገር ግን ስሌቱ በእጅ የሚያልቅ ስላልነበረ ኮምፒዩተር እስኪስፋፋ ድረስ ብዙ ሥራ ላይ አልዋለም። በ1988 የዴንማርኩ ማርቲን ቤንድሰና የጃፓኑ ኖቦሩ ኪኩቺ ለኮምፒዩተር የሚስማማውን መንገድ አቀረቡ። አካሄዱም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ መሐንዲሱ ዕቃው የት እንደሚደገፍ፥ ምን እንደሚሸከም፥ ከምንና በምን መሣሪያ እንደሚሠራ ይነግረዋል፤ ኮምፒዩተሩም ስፍራውን በብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ፥ እያንዳንዱ ምን ያህል ጫና እንዳለበት አስልቶ፥ ጥቂት የሚሸከመውን እያስወገደ ደጋግሞ ያሰላል። ግዴታዎቹ በተለዋወጡ ቁጥር ሌላ ቅርጽ ይወጣል፤ ከብዙዎቹም የሚስማማውን ሰው ይመርጣል።

ይህም ዘዴ ወደ ልዩ ልዩ ኢንዱስትሪዎች ገብቷል። ኤርባስ ከአውቶዴስክ ጋር ሆኖ በ2015 ለኤ320 አውሮፕላን ያቀረበው የመንገደኛ ክፍል መለያ ግድግዳ ከቀድሞው 45 በመቶ የቀለለ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ2018 ያሳየው የመኪና መቀመጫ ማሰሪያ ቀድሞ ከ8 ክፍሎች ይገጣጠም የነበረውን በ1 አካል አደረገው፤ ክብደቱ 40 በመቶ ቀነሰ፥ ጥንካሬውም 20 በመቶ ጨመረ። በሕክምናም በኩል አጥንት የሚተኩ የታይታኒየም አካላት አጥንቱ ገብቶ እንዲያድግባቸው ወንፊት መሰል ሆነው ይሠራሉ። ለርዕሳችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ2019 በሚላኖ የታየው ወንበር ነው፤ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ስታርክ ከአውቶዴስክ ጋር ነድፎት፥ የጣሊያኑ ካርቴል በፕላስቲክ አወጣው።

እንግዲህ ስናስተያያቸው አንድነታቸው ግልጽ ነው፤ የጅማ ጠራቢም የዲትሮይት መሐንዲስም መጋጠሚያን አስወግደዋል። ልዩነታቸውም ከዚህ ያነሰ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ቅርጹን የሚያወጣው መሥሪያ ለመቆጠብ ነው። ጠራቢው ግን ከግንዱ የሚበዛውን በመጥረቢያና በመሮ ፈልፍሎ ይጥለዋል፤ የእርሱ ቅርጽ መጋጠሚያን እንጂ እንጨትን አልቆጠበም። ዋንዛ በየስፍራው በሞላበት ዘመን ይህ ጉድለት ሊባል አይችልም ነበር። ዛሬ ግን ዋንዛ የቡና ጥላ ከመሆኑም በላይ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው የአገር ዛፎች አንዱ ነው። ስለዚህ ግዴታው ተለውጧል፤ ግዴታው ከተለወጠ ደግሞ ቅርጹ እንደገና ሊጠየቅ ይገባል። የአመንጪ ንድፍ ጥቅም ለአገራችን እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ከአነስተኛ ወይም ከተራ እንጨት፥ በሦስት እግር የሚቆምና የማይላላ መቀመጫ ምን ይመስላል? ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አንዳንድ ሰዎች ፋብሪካ ባልበዛበት አገር ይህ ቅንጦት ነው ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የሚጎድለው ሌላ ነው እንላለን። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክም ቢሆን የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ማመንጫ፥ 184 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ፥ ከአሰንዳቦ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል። በገንዘብ የማይገኘው ጠራቢው ሳይጽፍ በእጁ የያዘው ዕውቀት ነው፤ እንጨቱ መቼ ይቆረጣል፥ ክሩ ወዴት ይዞራል፥ እግሩ በየት በኩል ይሰበራል፥ እንዳይሰነጠቅ እንዴት ይደርቃል? ኮምፒዩተር ያልተነገረውን ግዴታ አያውቅም፤ ያልተነገረውን ግዴታ ረስቶ የሚወጣ ቅርጽም ቢያምር ከአፈር ወለል ላይ አይቆምም። ስለዚህ በአሰንዳቦና በጅማ ያሉትን ጠራቢዎች እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ፥ መልሳቸውን በልክና በቁጥር መመዝገብ ከማናቸውም የኮምፒዩተር ሥራ መቅደም አለበት። የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጠው የጅማ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። የጠራቢው ልጅ ሌላ ሥራ ከያዘ በኋላ ጥያቄው ቢጠየቅ የሚመልስ አይገኝምና ጊዜው አሁን ነው።